ፊልሙ ሲቋረጥ ከፊት ለምትቆሙት

ውድ ወጣቶች፣

በፊልም ፌስቲቫሎች ላይ ተመልካች ስቀበል፣ ፊልምና ዳይሬክተር ሳስተዋውቅ ብዙ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ይህን ሥራ አሁን የምትረከቡት እናንተ ስለሆናችሁ፣ መሣሪያው በሰው ፊት ሲበላሽ አስተናጋጁ ምን ማድረግ እንዳለበት ከራሴ ጥፋት የተማርሁትን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

አንድ ምሽት የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟን ይዛ የመጣች ዳይሬክተር ነበረች፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፊልሙ በተጀመረ በ20 ደቂቃ ገደማ ሙዚቃውና የጎዳናው ድምፅ እየተሰማ የተዋናዮቹ ንግግር ብቻ ጠፋ። ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን የለም። 5.1 በሚባለው የድምፅ አሠራር ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከስክሪኑ ጀርባ መካከል ላይ ካለው ስፒከር ነው፤ ለካ የዚያ ስፒከር አምፕሊፋየር፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላው መሣሪያ፣ ሙቀት በዝቶበት ራሱን አጥፍቷል። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ «ምናልባት ሆን ተብሎ የተደረገ ይሆን?» እያልሁ አመነታሁ። ተመልካቹም እንደዚያው ሳያስብ አልቀረም፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። ዳይሬክተሯ ከሦስተኛው ረድፍ ወደ ኋላ ዞራ፣ በጨለማው ውስጥ ሰው ስትፈልግ አየኋት። ወደ ፕሮጀክሽን ክፍሉ የሮጥሁት ያኔ ነው። ባለሙያው ንግግሩን በክፍሉ ትንሽ ስፒከር ጥርት አድርጎ ይሰማ ስለነበር፣ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በዚህ መሐል 4 ደቂቃ አለፈ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ፊልሙን አስቀድሞ ያየ አንድ የቡድናችሁ አባል ሁልጊዜ አዳራሹ ውስጥ እንዲቀመጥ፣ ከፕሮጀክሽን ክፍሉ ጋር የሚያገናኝ ሬዲዮ ወይም ስልክ በእጁ እንዲይዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንንም ሳያስፈቅድ «አቁም» የማለት ሥልጣን እንዲኖረው ነው። ፊልሙን ያየ ሰው የጎደለውን ድምፅ፣ ያልመጣውን የግርጌ ጽሑፍ፣ ግራና ቀኙ የተቆረጠውን ምስል በአንድ አፍታ ይለያል። ያላየው ሰው እንደ እኔ ቆሞ ይገምታል።

ፊልሙ ከቆመ በኋላ መጀመሪያ መብራቱ ቀስ ብሎ ይብራ፤ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚጠብቅ አያውቅም። ቀጥሎ ወደ መድረኩ ወጥታችሁ ስማችሁን ተናገሩ፤ የምታውቁትን ያህል ብቻ፣ ባጭሩ አስረዱ። «አሁን ይስተካከላል» አትበሉ፤ መቼ እንደሚስተካከል አታውቁምና። ይልቁንም «ከ10 ደቂቃ በኋላ ተመልሼ የደረስንበትን እነግራችኋለሁ» በሉ፤ አዲስ ነገር ባይኖርም እንኳ በ10ኛው ደቂቃ ተመለሱ። ሰው ቃላችሁን የሚመዝነው በዚያች መመለስ ነው። ጥፋቱን በባለሙያው ወይም ፊልሙን በላከው ሰው ላይ ማላከክ ግን ነውር ነው፤ በዚያች ሰዓት መንስኤውን በትክክል የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ የለም፣ ቢኖርም ለተመልካቹ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ባለሙያውንም ከኋላው ቆማችሁ አታስጨንቁት። ስንት ደቂቃ እንደሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ጠይቁትና ውጡ። አንዳንድ ነገር በጥድፊያ አይሆንም፦ የዜኖን አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ድንገት ከጠፋ፣ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ሳይጠበቅ እንደገና ማብራት አደጋ አለው።

ከመሣሪያው በፊት ግን ዳይሬክተሩ አለ። ወደ መድረክ ከመውጣታችሁ በፊት አጠገቡ ሄዳችሁ ጎንበስ በሉና የሆነውን ንገሩት፤ ከየት ይቀጥል የሚለውንም እሱ ይወስን። አንዳንዱ ከትዕይንቱ መጀመሪያ ይላል፣ አንዳንዱ ከፊልሙ መጀመሪያ። የባከነውን ጊዜ በጥያቄና መልስ ለመሙላትም እሱን ሳታማክሩ አትነሡ፤ ተመልካቹ ገና ግማሹን ስላላየ፣ ያልታሰበ ጥያቄ የፊልሙን መጨረሻ ሊያወጣው ይችላል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና ስለ ዝግጅቱም ጥቂት ልጨምር። ሲኒማ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዲሲፒ የተባለው የፊልም ፋይል ብዙ ጊዜ ተቆልፎ ይመጣል፤ ኬዲኤም የሚባለው መክፈቻው ደግሞ ለአንድ ሰርቨር፣ ማለትም በአንዱ አዳራሽ ፊልሙን ለሚያጫውተው ማሽን ብቻ፣ ለተወሰኑ ቀናትና ሰዓታት ብቻ የተሠራ ነው። አዳራሹ ሰፋ ይላል ብላችሁ ፊልሙን ወደ ሌላ አዳራሽ ብታዛውሩት ያ ቁልፍ አይከፍትም፤ አዲስ መጠየቅ ግድ ይሆናል፣ ላኪው በሌላው የዓለም ክፍል ተኝቶ ሊሆን ይችላል። የአዳራሽ ለውጥ ሲታሰብ መጀመሪያ ቁልፉን አስቡ። በአንድ ዲሲፒ ውስጥ የግርጌ ጽሑፍ ያለውና የሌለው ቅጂ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ስለሚችሉም፣ የትኛው እንደተመረጠ ስሙን አንብባችሁ ብቻ አትመኑ። ከመነሻው፣ ከመሐሉና ከመጨረሻው ትንሽ ትንሽ አጫውቱ፤ ንግግር ያለበትን ቦታ ምረጡ፣ አዳራሹ ውስጥ ሆናችሁ ስሙ። መጠባበቂያ ቅጂ ያስፈልጋል፤ ለእሱም የዳይሬክተሩን ፈቃድ ከቀኑ ቀደም ብላችሁ ያዙ። መጠባበቂያው በላፕቶፕ የሚታይ ከሆነ የማንቀላፊያ ሰዓቱንና የመልእክት ማሳወቂያውን አጥፉ።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ አይሆንም። ተከታዩ ፊልም ስለሚጠብቅ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትታገሡ በልባችሁ ሳይሆን በወረቀት ቀድማችሁ ወስኑ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ፊልሙ መቼ በድጋሚ እንደሚታይ ወይም የትኬቱ ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ በግልጽ ተናግራችሁ ተመልካቹን አሰናብቱ።

በዚያ ምሽት አምፕሊፋየሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ፊልሙን ንግግሩ ከጠፋበት ትዕይንት መነሻ አስቀጠልነው፤ ከአዳራሹ የወጣው ሰው ጥቂት ነበር። ሲያልቅ ዳይሬክተሯ ወደ እኔ መጣች። ስለ አምፕሊፋየሩ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። «ያ ቦታ ላይ ያለው ንግግር እናቴ የነገረችኝ ነው» አለችኝ፤ ቀጥላም «ድምፁ ሲጠፋ ሰምተህ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ሰምቼ ነበር» አልኋት። ከዚያ በኋላ በማስተናግደው ፊልም ሁሉ የመጨረሻው ጽሑፍ እስኪያልፍ ድረስ መተላለፊያው ዳር ካለው ወንበር አልነሣም፤ ሬዲዮውም ከእጄ አይለይም።