ሳተላይት የሐዋሳን ዝናብ ለምን ይስታል? (መልስ)

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ላይ የዝናብ መለኪያዎ ውሃ ይዞ ሳለ የሳተላይቱ መረጃ ዜሮ የሚያሳየው ለምን እንደሆነ፣ ሐይቁስ ልኬቱን ያግዝ እንደሆነ ጠይቀዋል።

በሳተላይቱ ላይ ያለው የማይክሮዌቭ ዳሳሽ (ጨረር መቀበያ መሣሪያ) ራሱ ሞገድ አይልክም፤ ከምድርና ከደመና የሚወጣውን ደካማ ጨረር ይቀበላል እንጂ። የውቅያኖስ ገጽ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ሲታይ የሚያወጣው ጨረር ጥቂት በመሆኑ ቀዝቃዛ መስሎ ይታያል፤ የዝናብ ጠብታዎችም በዚያ ላይ ሞቀው በግልጽ ይለያሉ። የብስ ግን ራሱ ብዙ ጨረር ስለሚያወጣ ጠብታዎቹ ከበስተጀርባቸው አይለዩም። ስለዚህ በየብስ ላይ ስሌቱ በዋናነት የሚደገፈው፣ በ89 ጊጋኸርዝና ከዚያ በላይ፣ በደመናው የላይኛው ክፍል ያለው በረዶ ከታች የሚመጣውን ጨረር ሲበትን በሚፈጠረው ቅናሽ ላይ ነው። ዋናው ችግር ይኸው ነው፤ በረዶ ካልያዘ ዝቅተኛ ደመና የሚወርድ ዝናብ፣ መሬቱን በደንብ ቢያርስም እንኳ፣ በቀላሉ ይታለፋል።

ሐይቁ አያግዝም። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጠቀው፣ ዝናብን ከጠፈር የሚለካው የጂፒኤም ዋና ሳተላይት በዝቅተኛው የ10 ጊጋኸርዝ ድግግሞሽ በአንድ ጊዜ የሚያየው ስፍራ 19 በ32 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ውሃው ከዙሪያው የብስ ጋር ተቀላቅሎ ይመዘገባል።

የሚጠቀሙት ከብዙ ሳተላይቶች ልኬት የተቀናጀውን፣ ኢመርግ የተባለውን የዝናብ መረጃ ከሆነ፣ በየግማሽ ሰዓቱ የሚሰጠው ግምት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ላለው ስፍራ አማካይ መሆኑን ያስቡ። ለሰብል ጥናት፣ በመሬት ላይ መለኪያዎች ወርኃዊ መረጃ የታረመውንና ከወራት በኋላ የሚወጣውን የመጨረሻ እትም እንዲወስዱ፣ ንጽጽሩንም በዕለት ሳይሆን በወር ድምር እንዲያደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ።