የላይኛው ኤይለሮን ታችኛውን እኩል አልከተል ሲል

አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ባለ ድርብ ክንፍ የሆነውን የፒትስ ኤስ-1ኤስ አውሮፕላን በሪሞት የሚበር ሞዴል ሠርቻለሁ። ሰርቮው (በሪሞት የሚታዘዘው ትንሽ ሞተር) የታችኛውን ኤይለሮን (ከክንፉ ኋላ ጠርዝ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፈውን ክፍል) ያንቀሳቅሳል፣ የላይኛው በዘንግ ተያይዞ ይከተለዋል። ታችኛው 20 ሚሊ ሜትር ሲወጣ ላይኛው 16 ብቻ ይወጣል። ታችኛው 20 ሲወርድ ግን ላይኛው 25 ይወርዳል። ወደ ቀኝ ሳጋድለው አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል። ፍጥነት ስጨምር ደግሞ ክንፉ ላይ ዝዝዝ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። በሪሞቱ ላስተካክለው ሞክሬ እምቢ አለኝ።»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ስለ ድምፁ። ኤይለሮኑ እየተርገበገበ ነው፣ እኛ ፍላተር የምንለው። ይሄ ሳይስተካከል እንዳታበረው! ማጠፊያ ይነቅላል፣ የሰርቮ ጥርስ ይበላል፣ ያውም በሰከንዶች ውስጥ። አየር ላይ እያለ ከሰማኸው ወዲያው ጋዝ ቀንስና አሳርፈው።

ሪሞቱን ለጊዜው ተወው። ሁለቱንም ኤይለሮን የሚነዳው አንድ ሰርቮ ስለሆነ ላይኛውን ለብቻው የምታስተካክልበት መንገድ የለም። ጥፋቱ ሆርኖቹ (ኤይለሮኑ ላይ ያሉት፣ ዘንጉ የሚያያዝባቸው ትናንሽ ክንዶች) የተተከሉበት ቦታ ላይ ነው።

የታችኛው ሆርን ከኤይለሮኑ ጀርባ ወደ ላይ ቆሟል፣ የላይኛው ከሆዱ ወደ ታች ወርዷል አይደል? አሁን ከማጠፊያው መሃል እስከ ዘንጉ ቀዳዳ መስመር ሳል። የታችኛው መስመር ሽቅብ፣ የላይኛው ቁልቁል ያዘነብላል። ሁለቱም 30 ዲግሪ ያህል ካዘነበሉ ልክ አንተ የለካኸው ዓይነት ልዩነት ይመጣል። ላይኛው ከሚወጣው ይልቅ የሚወርደው ስለሚበዛ፣ ኤይለሮኑ የወረደበት ክንፍ አየሩ ይበልጥ ይይዘዋል፤ አፍንጫው ወደዚያ የሚዞረው ለዚህ ነው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ሁለቱ መስመሮች እኩል ርዝመት ይኑራቸው፣ ወደ አንድ አቅጣጫም ትይዩ ሆነው ይሂዱ። ያኔ ዘንጉ ከቀዳዳ ቀዳዳ ሲለካ፣ ከማጠፊያ ማጠፊያ ካለው ርቀት ጋር እኩል ይመጣል። ፒትስ ላይ የላይኛው ክንፍ ወደፊት ስለሚቀድም ዘንጉ ያዘነብላል፤ እሱ አያሳስብህ።

እንዴት ታስተካክለዋለህ? የሁለቱንም ሆርን ቀዳዳ ወደ ኤይለሮኑ አስጠጋው፣ ወደ ኋላም ውሰደው። ከማጠፊያው መስመር 8 ሚሊ ብቻ (በታችኛው ወደ ላይ፣ በላይኛው ወደ ታች)፣ 40 ሚሊ ወደ ኋላ ብታደርገው ልዩነቱ ወደ አንድ ሁለት ሚሊ ይወርዳል። ጭራሽ እንዲጠፋ ከፈለግክ፣ ከኤይለሮኑ የኋላ ጠርዝ ላይ ትንሽ የኮምፖንሳቶ ምላስ አውጥተህ ቀዳዳውን ከማጠፊያው ጋር እኩል ከፍታ ላይ ብሳው። ቀላል አድርገህ ሥራው፣ ከማጠፊያው ኋላ ክብደት ሲበዛ ፍላተር ይጠራል። ሆርን የምትተክልበትም ቦታ ባልሳ (ለስላሳው ቀላል እንጨት) ብቻ ከሆነ ውስጡ ኮምፖንሳቶ አስገባ።

ከዚያ ወደ ዘንጉ። 2 ሚሊ ሽቦ ሲገፋ ይለመጣል፣ ለዚህ ሥራ አልወደውም። 4 ወይም 5 ሚሊ የካርቦን ቱቦ ወስደህ ጫፎቹ ላይ ጥርስ ያለው ዘንግ በኢፖክሲ አጣብቅ፣ ቦል ሊንክ (በትንሽ ኳስ ላይ የሚዞር ማያያዣ) ግጠምለት። ሪሞቱን ክፈት፣ ትሪሙን (የመሃል ማስተካከያውን) ዜሮ አድርግ። የሰርቮው ክንድ ከግፊት ዘንጉ ጋር 90 ዲግሪ ይሁን፣ ካልሆነ አውልቀህ በሌላ ጥርስ ላይ ግጠመው። ሁለቱንም ኤይለሮኖች መሃል ላይ በፕላስተር እሰርና የዘንጉን ርዝመት አስተካክል። ሳትገፋውና ሳትጎትተው በራሱ መግባት አለበት። በግድ ከገባ ሰርቮው ቆሞም እየታገለ ባትሪ ይጨርሳል።

አሁን ታችኛውን አጥብቀህ ያዝና ላይኛውን ነቅንቀው። ጠርዙ ከ1 ሚሊ በላይ ከተላወሰ ልል ነገር አለ፣ ፈልገህ አግኘው። ብዙ ጊዜ የሰፋ ቀዳዳ ነው። የዝዝዝታህ ምንጭም እዚያው መሆኑ አይቀርም።

ዲፈረንሻል (ኤይለሮኑ ከሚወርደው ይልቅ የሚወጣው እንዲበዛ ማድረግ) በሪሞት የምትጨምረው ሁለቱ እኩል ከሄዱ በኋላ ነው። የኤስ-1ኤስ እያንዳንዱ ክንፍ የላይኛውና የታችኛው ገጹ ጉብታ እኩል ስለሆነ ጥቂት ይበቃዋል። ታይገር ሞዝ የሚባለው ሌላው ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ቢሆን ኤይለሮኑ የታችኛው ክንፍ ላይ ብቻ ነው፣ እሱ ብዙ ይፈልጋል። በመጨረሻ ዘንጎቹ ላይ ግራና ቀኝ ብለህ ጻፍባቸው፣ ክንፉን ፈታትተህ ስትገጥም እንዳይቀያየሩብህ።