ሕጉን ቀየራችሁት፤ ሒሳቡስ በማን ነው?

ሰላም ልጆች፣

ጠረጴዛ ከባችሁ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ዳይስ እየጣለ ታሪክ የሚሠራበትን ጨዋታ፣ የምትጫወቱትን ነው የማናግረው። ዳንጀን ማስተር ሆናችሁ ታሪኩን የምትመሩትን ደግሞ በተለይ። ከወጣቶች የሚደርሰኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ «ይሄ ሕግ አልተመቸንም፣ ብንቀይረው ማን ምን ይለናል?» ማንም ምንም አይላችሁም። ቀይሩት።

ጨዋታው ራሱ ከሌላ ጨዋታ ነው የወጣው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ሲያሳትሙት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) መነሻቸው ቼይንሜል ነበር፤ በትናንሽ የወታደር ምስሎች የመካከለኛው ዘመን ጦርነት የሚካሄድበት ጨዋታ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ስንቴ ተገለባብጧል! እስከ 2000 ድረስ ጥሩራችሁ በጠነከረ ቁጥር የመከላከያ ነጥባችሁ እየቀነሰ ነበር የሚሄደው። አሁን ይጨምራል። ስለዚህ ሕግ መቀየር ነውር አይደለም።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሶፍትዌር ላይ ነው፤ በተለይ ሌሎች ጽፈውት የሄዱትን ፕሮግራም በማስተካከል። እዚያ ሥራ ላይ ሰው ቶሎ የሚለምደው ጥያቄ አለ፤ ይቺን መስመር ብነካት የት ላይ ይፈነዳል? ጨዋታ ላይም ያው ነው። አንድ ሕግ ስትቀይሩ ሒሳቡን የሚከፍል ተጫዋች አለ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሲወሰን ዝም ብሎ የነበረው ልጅ ነው።

ሁሉም የሚወደውን ለውጥ እንውሰድ። ለመምታት የጣልከው ዳይስ 1 ሲያወጣ ሰይፍህ ይሰበራል፣ ወይ አጠገብህ ያለውን ጓደኛህን ትወጋለህ። ያስቃል፣ አልክድም። ግን እስቲ ቁጥሩን እንሥራው። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ 1 የመውጣት ዕድሉ ከመቶ 5 ነው። ፋይተር፣ ማለትም በመሣሪያ የሚዋጋው ገጸ ባሕርይ፣ ሲጀምር በአንድ ተራ አንዴ ነው የሚመታው፤ 5ኛ ደረጃ ሲደርስ ሁለቴ፣ 11ኛው ላይ ሦስቴ፣ 20ኛው ላይ አራቴ። አራት ጊዜ የሚጥል ሰው ቢያንስ አንዴ 1 የሚወጣበት ዕድል ከመቶ 18 ተኩል ገደማ ነው። አያችሁ? ትናንት ሰይፍ የጨበጠው ጀማሪ በአንድ ተራ የመዋረድ ዕድሉ ከመቶ 5 ሲሆን፣ አገር ያወቀው፣ ድራገን የገደለው ጦረኛ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ይዋረዳል። እያደገ በሄደ ቁጥር ይብስበታል ማለት ነው። አስማተኛው ዊዛርዱስ? እሱማ ፋየርቦል የሚባለውን የእሳት አስማት ሲወረውር ለማምለጥ ዳይስ የሚጥሉት ጠላቶቹ ናቸው። እሱ 8 ባለ 6 ገጽ ዳይስ በትኖ በአማካይ 28 ነጥብ ጉዳት ያደርሳል፣ 1 ወጣብህ ብሎ የሚስቅበትም የለም። ሳቁ የሁላችሁም ነው፣ ሒሳቡ የፋይተሩ።

ሳቁን ካልተዋችሁት ቅጣቱን በተራው የመጀመሪያ ምት ላይ ብቻ አድርጉት። ወይም ሰይፉ አይሰበር፤ ቀበቶው ይፈታና ይሳቅ፣ በቃ።

ሁለተኛው እረፍት ነው። በ2014ቱ እትም አጭር እረፍት 1 ሰዓት፣ ረጅሙ 8 ሰዓት ነው። ዋርሎክ የምትባለው ሌላዋ አስማተኛ ያጠፋችውን የአስማት አቅም በአጭሩ እረፍት ትሞላለች፤ ዊዛርድ በዋናነት ረጅሙን ይጠብቃል። እናንተ «ኧረ ጊዜ የለንም፣ አጭሩ ይቅር» ስትሉ ጨዋታውን ያፈጠናችሁ ይመስላችኋል። ዋርሎክ የምትጫወተው ልጅ ግን ከ2ኛ እስከ 10ኛ ደረጃ ድረስ ለውሎው በሙሉ ዋና ዋና አስማቶቿን የምትጥልበት ሁለት ዕድል ብቻ ይዛ ትቀራለች። ዊዛርዱ ያን ያህል አልጎደለበትም። የሚገርመው፣ የ2014ቱ የዳንጀን ማስተር መጽሐፍ ራሱ ሌላ አማራጭ ያቀርባል፤ አጭሩ 8 ሰዓት፣ ረጅሙ 7 ቀን። ሁለቱም አብረው ስለተለጠጡ በተጫዋቾች መካከል ያለው ሚዛን ያን ያህል አይናጋም። መንገድና ጉዞ ለሚበዛበት ታሪክ እወደዋለሁ። እሱም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ እንደ ሜጅ አርመር ያለው፣ ጥሩር ለሌለው መከላከያ የሚሆን 8 ሰዓት የሚቆይ አስማት ድሮ ውሎውን ይሸፍን ነበር፣ አሁን ሳምንት በሚፈጅ ጀብዱ ውስጥ የት ይደርሳል?

ጥሩ ለውጥም አለ። በ2014ቱ ሕግ የፈውስ መድኃኒት መጠጣት ዋናውን እርምጃችሁን ይበላ ነበር። ቆስሎ የተጠማ ሰው ጠጥቶ ተራው አለቀ ማለት ነው። ብዙ ተጫዋቾች ይህን ትተው በቦነስ አክሽን፣ ማለትም ከዋናው እርምጃ ሌላ ባለችው ትንሽ እርምጃ፣ ይጠጡ ነበር፤ በ2024ቱ እትም ይኸው ነገር ሕግ ሆኖ መጣ።

ሌላው ነገር አቀራረብ ነው። ውጊያ መሃል ሕግ አትቀይሩ። ግራ ከገባችሁ ለጊዜው ፍረዱና ቀጥሉ፣ ክርክሩ ከጨዋታ በኋላ ይሁን። ሁለት ሦስት ሕግ ባንዴ አትንኩ፣ የትኛው እንዳበላሸው ማወቅ ያቅታችኋል። የገበጣ ሕግ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ተጫዋቾች ጠጠሩ ሳይነካ ነው በየትኛው እንጫወት የሚባባሉት። እናንተም ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩና የተስማማችሁበትን ቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ ፒን አድርጉት። ከሁሉ በፊት ግን ሒሳቡ የሚወድቅበትን ልጅ ለብቻው አናግሩት። በሰው ፊት ከጠየቃችሁት «ችግር የለም» ነው የሚላችሁ። ዳንጀን ማስተር ነኝ ብሎ መጫን ደግሞ ሁለት ሳምንት ይሠራ ይሆናል፤ በሦስተኛው ሰው «ፈተና አለብኝ» ማለት ይጀምራል።

የቀየራችሁት ጥሩ ከሆነና ማሳተም ካማራችሁም መንገዱ ክፍት ነው። የጨዋታው ባለቤት የሆነው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት፣ ሌሎች በጨዋታው ሕግ ተመሥርተው እንዲያሳትሙ የሚፈቅደውን ውል ሊቀይር ሲል ተጫዋቹ ተቆጣ፤ በመጨረሻም በጃንዋሪ 2023 ኤስ አር ዲ 5.1 የሚባለውን የመሠረታዊ ሕጎች ሰነድ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀው። ምንጩን በአግባቡ እስከጠቀሳችሁ ድረስ መቀየር፣ ወደ አማርኛ መመለስ፣ መሸጥም ትችላላችሁ። መጽሐፎቹ ውስጥ ያለው ሁሉ ግን እዚያ የለም፤ ለምሳሌ ብዙ ዓይን ያለው ቢሆልደር ከነቁጥሮቹ አልተካተተም። ጭራቅ እንደሁ ከአያቶቻችሁ ተረት ሞልቷል።