የከተማን ከባድ ዝናብ አደጋ ለምትገምቱ ወጣት ባለሙያዎች

ውድ ወጣቶች፣

ሥራ ስትጀምሩ በአብዛኛው መጀመሪያ የምትረከቡት የአንድ መለኪያ ጣቢያ የዕለት ዝናብ መዝገብ ነው። ቁጥሩን ወደ ስሌት ከማስገባታችሁ በፊት የየትኛውን ሰፈርና የስንት ደቂቃ ዝናብ እንደሚወክል ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 2005 በሕንዷ ሙምባይ ከተማ የሳንታክሩዝ ጣቢያ በ24 ሰዓት 944 ሚሊ ሜትር ሲመዘግብ፣ በዚያው ከተማ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው የኮላባ ጣቢያ የለካው ወደ 74 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። የኮላባን መዝገብ ብቻ የያዘ ባለሙያ ከተማዋ በጎርፍ መዋጧን ከቁጥሩ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

የጊዜው ነገር ከቦታው ይልቅ ያታልላል። በወጣትነቴ አስፋልትና ጣሪያ ለሞላው አነስተኛ ተፋሰስ የውሃ መውረጃ ቦይ ስነድፍ የተጠቀምኩት በአንድ ሰዓት አማካይ የዝናብ መጠን ነበር፤ እንዲህ ያለው ተፋሰስ ግን ውሃውን በሩብ ሰዓት ሰብስቦ ያወርዳል፣ በዚያች ሩብ ሰዓት የሚወርደው ዶፍም ከሰዓቱ አማካይ እጅግ ይበረታል። ቦዩ ሞልቶ ውሃው ሰዎች ቤት ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ፤ ጸጸቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

«የመቶ ዓመት ዝናብ» የሚለውን አነጋገር ለውሳኔ ሰጪዎች ስታቀርቡ ተጠንቀቁ፤ ብዙዎች በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ትርጉሙ ግን በየዓመቱ የመከሰት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ለ30 ዓመት በሚያገለግል ሕንፃ ዘመን ቢያንስ አንድ ጊዜ የመከሰት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ይህ ግምት ራሱ ከጥቂት ዓመታት መዝገብ የተሰላ ከሆነ፣ አንድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የግምቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን አብራችሁ ጻፉ። በዚህ ላይ አየሩ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ሊይዘው የሚችለው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ የትናንት መዝገብ ለነገ ዝናብ ሙሉ ዋስትና አይሆንም።

ዝናቡን ብቻ መገመት ደግሞ አደጋውን መገመት አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2021 በቻይና ዠንግዡ ከተማ በአንድ ሰዓት 201.9 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ ውሃው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ገብቶ 14 ተሳፋሪዎች ሞተዋል። ስለዚህ ካርታችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ የመንገድ ማሳለጫዎችን ሥር፣ ከመሬት በታች ያሉ መኖሪያዎችን፣ በቆሻሻ የተደፈኑ ቱቦዎችን በዓይናችሁ እዩ። በዝቅተኛው ቦታ የሚኖሩትን ሰዎች ውሃው ባለፈው ጊዜ የት ድረስ እንደደረሰ ጠይቁና፣ በግድግዳው ላይ የሚያሳዩአችሁን ምልክት ከፍታ ለኩ።