«ዓለሙን እንዲሁ ወዶአልና» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጥያቄ፦ «ዮሐንስ 3፥16 ላይ ‹ዓለሙን እንዲሁ ወዶአልና› ይላል። ሰባኪያን ‹እንዲሁ› ማለት ‹ያለ ምክንያት፣ በነጻ› ማለት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ጓደኛዬ ግን ‹ይህን ያህል ማለት ነው› ብሎ ሞገተኝ። ማን ነው ልክ? ደግሞስ ‹እንዳይጠፋ› የሚለው ገሃነም መግባትን ነው ወይስ ጭራሽ አለመኖርን? ሲኦልና ገሃነምስ አንድ ናቸው?»

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ሰባኪያኑም ቢሆኑ የሐሰት ትምህርት አላስተማሩም። እውነቱን ያወጡት ግን ከማይገኝበት ቃል ነው።

«እንዲሁ» በአማርኛ ሁለት መልክ አለው። «ለምን መጣህ?» ስንባል «እንዲሁ» ብለን እንመልሳለን። ምንም ምክንያት የለኝም ማለታችን ነው። «እንዲሁ ሰጠኝ» ስንል ደግሞ ዋጋ አልጠየቀኝም ማለት ነው። ዛሬ በንግግር የሚቀናን ይኸኛው ነው። ሁለተኛውና በጽሑፍ የቆየው መልክ «በዚህ ዓይነት፣ በዚህ መጠን» የሚለው ነው። «አባቱ እንደ ተናገረ እንዲሁ ሆነ» ስንል ማንም «ያለ ምክንያት ሆነ» ብሎ አይረዳውም።

በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ቦታ የያዘው ይህን ሁለተኛውን ነው። ለማረጋገጥ ሁለት ቁጥር ወደ ላይ ከፍ ማለት ይበቃል። ቁጥር 14 «ሙሴም በምድረ በዳ እባብን እንደ ሰቀለ እንዲሁ» ብሎ ይጀምርና የሰው ልጅ ሊሰቀል እንደሚገባው ይናገራል። በግሪኩ ሁለቱም ቦታ ያለው ቃል አንድ ነው፤ «ሁቶስ»። ትርጉሙ «እንዲህ፣ በዚህ ሁኔታ» ነው። የግዕዙ ወንጌልም ቁጥር 16 ላይ «ከመዝ» ይላል፤ «እንደዚህ» ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ተሳሳተብን? ጥፋቱ የአንባቢው ብቻ አይደለም። በግሪኩ «እንዲህ» የሚለው ቃል ዓረፍተ ነገሩን ይከፍታል፤ ልጁን መስጠቱ ተከትሎ ይመጣል። አማርኛ ግን ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ «አንድያ ልጁን እስኪሰጥ ድረስ» ቀደመ፤ «እንዲሁ» ከ«ወዶአልና» ጋር ተጣብቆ ጅራት ላይ ቀረ። እዚያ ሲቀር ለብቻው የቆመ ይመስላል። ጥቅሱን ስናሳጥረውማ ባሰ፤ «እንዲሁ ወደደን» ብቻ ሲባል «እስኪሰጥ ድረስ» ጭራሽ ይቀራል። «እንዲሁ» የሚያመለክተው ግን ያንኑ የቀረውን ነው። እንዴት ወደደ? ምን ያህል ወደደ? ልጁን እስኪሰጥ ድረስ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህ መቆረጥ ነው። «ያለ ምክንያት ወደደ» የሚለው አነጋገር ስለ ስሜት ብቻ የሚናገር ሆኖ ሊቀር ይችላል። ወንጌላዊው ግን ፍቅሩን የለካው በስጦታው ነው። መስቀሉን ከዓረፍተ ነገሩ ካወጣነው ልኩ አብሮ ይወጣል።

«ያለ ምክንያት» ወይም «በነጻ» የሚል ቃል ለዮሐንስ ጠፍቶበት አይደለም። «ዶሬአን» የሚል የግሪክ ቃል አለ። ራሱ ዮሐንስ 15፥25 ላይ ተጠቅሞበታል፤ የሚገርመው የተጠቀመበት ለጥላቻ መሆኑ ነው። «በከንቱ ጠሉኝ» ይላል። ያለ ምክንያት ጠሉኝ ማለት ነው። ጳውሎስ ደግሞ ይህንኑ ቃል ሮሜ 3፥24 ላይ ለመዳን አዋለው። አማርኛው «እንዲያው በጸጋው ይጸድቃሉ» ይለዋል። ልብ ይበሉ፤ እዚህ የገባው «እንዲያው» እንጂ «እንዲሁ» አይደለም። ተርጓሚዎቹ ሁለቱን ለይተዋቸዋል። እኛ ነን የቀላቀልናቸው።

ስለዚህ «እግዚአብሔር ሳይገባን ወደደን» ብሎ መስበክ የሚፈልግ ሰው ጥቅስ አያጣም። ሮሜ 5፥8 «ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቶአልና» ይላል። 1ኛ ዮሐንስ 4፥19ም «እርሱ አስቀድሞ ወዶናልና» ይላል። ከዚያ ቢነሳ በጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል።

ወደ «እንዳይጠፋ» ልለፍ። ይህ ቃል በአማርኛ እጅግ የታደለ ነው። የግሪኩ ግሥ «አፖሉሚ» መጥፋትንም፣ መሞትንም፣ መውደምንም ይይዛል። የእኛ «ጠፋ»ም እንደዚያው። ሉቃስ 15 ላይ ስለ ጠፋው ልጅ የተነገረውን ይመልከቱ። ልጁ በሩቅ አገር ሆኖ «በራብ እጠፋለሁ» ይላል፤ መሞቴ ነው ማለቱ ነው። አባቱ ደግሞ «ጠፍቶ ነበር ተገኝቶአል» ይላል፤ ከቤት ርቆ ነበር ማለቱ ነው። በግሪክም በአማርኛም ሁለቱ አንድ ግሥ ናቸው። ማቴዎስ 10፥28 ላይ «ነፍስንም ሥጋንም በገሃነም ሊያጠፋ የሚቻለውን ፍሩ» የሚለውም ይኸው ግሥ ነው።

እንግዲህ «ገሃነም መግባት ነው ወይስ አለመኖር?» ለሚለው ጥያቄዎ ግሡ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ኃጥአን በመጨረሻ ሕልውናቸው ያከትማል የሚሉ ክርስቲያኖች «ሊያጠፋ» የሚለውን ይጠቅሳሉ። ቅጣቱ ማብቂያ የለውም የሚሉት፣ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናትም ከዚህ ወገን ናቸው፣ ማቴዎስ 25፥46ን ያነሳሉ፤ «የዘላለም ቅጣት» እና «የዘላለም ሕይወት» በአንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ቅጽል ተነግረዋልና። ክርክሩ የትምህርተ ሃይማኖት ነው። እንደ ቋንቋ ሰው ማለት የምችለው አንድ ነገር ነው፤ «መጥፋት» የሚለውን ቃል ስንሰማ እሳቱን ብቻ አናስብ። ከአባት ቤት መራቅም በውስጡ አለ። መዳንም በሉቃስ 15 መገኘት ነው፣ ወደ ቤት መግባት ነው።

ሲኦልና ገሃነምን በንግግር እያቀያየርን ብንጠራቸውም አንድ አይደሉም። ሲኦል የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ በብሉይ ኪዳን የሙታን ሁሉ ስፍራ ነው። ያዕቆብ ዮሴፍ የሞተ መስሎት በሐዘን ወደ ልጄ እወርዳለሁ ሲል የዕብራይስጡ ቃል «ሲኦል» ነው፤ ልጁ ተኮንኗል ማለቱ አልነበረም። ገሃነም የመጣው ግን ከኢየሩሳሌም አጠገብ ካለው ከሄኖም ሸለቆ ስም ነው። ንጉሥ አካዝና ንጉሥ ምናሴ ልጆቻቸውን በእሳት ያሳለፉበት ቦታ ነው፤ በኋላ የፍርድ ስም ሆነ። ራእይ 20፥14 ደግሞ «ሞትና ሲኦልም በእሳት ባሕር ውስጥ ተጣሉ» ይላል። ሲኦል ራሱ የሚጣል ከሆነ የመጨረሻው ቅጣት ስፍራ ሊሆን አይችልም። ሲጽፉ የመጨረሻውን ፍርድ ማለትዎ ከሆነ «ገሃነም» ይበሉ። «ሲኦል»ን ሙታን ትንሣኤን ለሚጠብቁበት ስፍራ ይተዉት።