ካርቱን ሰው ሲሆን፦ ስለ ካርቱንና ስለ ኮሜዲ ፊልም የቀረቡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከጎጃም ከተሞች የደረሱን ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው፦ በጋዜጣና በመጽሔት ሲያስቅ የኖረን ካርቱን ወስዶ፣ ሰው የሚተውንበት ኮሜዲ ፊልም ማድረግ። ተመሳሳዮቹን አዋሕደን እንደሚከተለው መልሰናል።

ከደብረ ማርቆስ፦ «የምንወደውን ባለ አራት ሳጥን ካርቱን የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ልናደርገው ነው። ሁለት መቶ ቀልዶች መርጠናል። ስክሪፕቱ ግን ሃያኛው ገጽ ላይ ይሞትብናል። ለምን?»

ያላችሁት ቅኔ ቤት አገር ነውና በምታውቁት እንናገር። ባለ አራት ሳጥን ካርቱን ጉባኤ ቃና ነው፤ በአንዱ ቤት ያነሣውን በሁለተኛው ይዘጋዋል። ፊልም ግን ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ነው። አራት ጉባኤ ቃና ቢደረደር ስምንት ቤት ይሞላል፤ መወድስ ግን አይወጣውም።

ሒሳቡ ደግሞ ያታልላል። አንድ ቀልድ ስክሪን ላይ ከ15 እስከ 30 ሴኮንድ ይወስዳል፤ ሁለት መቶው ሲደመር ከ50 እስከ 100 ደቂቃ ይሆናል። ልክ መጣ ያሰኛል። ችግሩ ካርቱን ሲያልቅ ሰውየው ወደ ዜሮ መመለሱ ነው። ትናንት የወደቀበትን ጉድጓድ ዛሬ አያስታውስም። የጋዜጣ አንባቢ በሁለቱ ቀልዶች መካከል አንድ ቀን ሙሉ ስለሚያርፍ ይህ አያስከፋውም። ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ሰው ግን «ይኼ ሰውዬ ምንም አይማርም እንዴ?» ማለት ይጀምራል፤ የሚጀምረውም ሃያኛው ደቂቃ አካባቢ ነው።

እንዲህ ሞክሩት። እያንዳንዱን ቀልድ በአንድ ካርድ ላይ አስፍሩ፤ ቀልዱን ግን አትጻፉት። ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ሰውየው ምን ፈለገ፣ ማን ከለከለው፣ መጨረሻ ላይ ምን አጣ። ካርዶቹን በፍላጎት ለዩ፤ «መተኛት የፈለገበት» አንድ ክምር፣ «ጎረቤቱን መብለጥ የፈለገበት» ሌላ ክምር። ትልቁ ክምር የባሕርዩ ዋና ነገር ነው። ከዚያ ክምር በአንድ ቀን የማያልቅ ጉዳይ አውጡለት፦ የቀን ገደብ ያለው ዕዳ፣ የልጅ ሠርግ፣ የአጥር ክርክር። ከሁለት መቶው ከ12 እስከ 15 ቀልድ ብቻ ያዙ፤ የተያዙትም ምልክት ጥለው ይለፉ። አሥረኛው ገጽ ላይ በሬው አጥር ከሰበረ፣ አሥራ አንደኛውም ገጽ ላይ አጥሩ ተሰብሮ እንታየው።

«ብሎንዲ» የተባለው የአሜሪካ ካርቱን እ.ኤ.አ. በ1930 ተጀመረ፤ ከ1938 እስከ 1950 ደግሞ 28 ፊልሞች ተሠሩበት። ባልየው ከፖስተኛው ጋር እየተጋጨ ሲወጣ ብዙ ፊልም ላይ እናያለን፤ ያ ቀልድ ግን ጨው ብቻ ነው። ወጡ ባልና ሚስቱ፣ አለቃውና የወር ወጪው ነበር።

ከባሕር ዳር፦ «ወረቀቱ ላይ የሚያስቀን ቀልድ ተቀርጾ ሲታይ አያስቅም። ተዋናዮቹ ጎበዞች ናቸው። ጥፋቱ የማን ነው?»

ስክሪፕቱን አይተን እንጂ ሰውን አንከስም፤ በብዛት የሚያጋጥመው ግን በሳጥኖቹ መካከል ያለው ነጭ ክፍተት መጥፋቱ ነው። አንባቢ ዓይኑን ከሳጥን ወደ ሳጥን ሲያዘልል የተዘለለውን ነገር ራሱ ይሞላል፤ የሚያስቀውም የራሱ ሥራ ነው። ካሜራ ሁሉን ካሳየው ምን ይሥራ?

አንድ ቀልድ እንውሰድ። ሳጥን አንድ፦ ሚስት ለባሏ እንስራ ታቀብላለች፤ «ውሃ!» ሳጥን ሁለት፦ ባል በር ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ሳጥን ሦስት፦ እንስራው ደጅ ተቀምጧል፣ ባል አልጋ ላይ ነው። ሳጥን አራት፦ ዝናብ ነው፤ እንስራው ሞልቷል፣ ጣሪያው ደግሞ በራሱ በባልየው ላይ ያፈሳል።

ብዙ ሰው ይህን ሲቀርጽ ባልየው ሲወጣ፣ ግራ ቀኝ ሲያይ፣ እንስራውን ሲያስቀምጥ፣ ሲመለስ፣ ሲከናነብ፣ ደመናው ሲሰበሰብ ያሳያል። ሃምሳ ሴኮንድ ይሄዳል፤ ተመልካቹ ቀድሟችሁ ደርሶ ይጠብቃችኋል። በአምስት ሾት (ሳይቆረጥ በተቀረጸ ምስል) እንዲህ ይለቅ፦

አንደኛ፣ ሁለቱም በአንድ ፍሬም ከጉልበት በላይ፤ እንስራው ይቀባበላል፣ እሷ ትወጣለች፤ 5 ሴኮንድ። ሁለተኛ፣ የሱ ፊት ብቻ፤ ቀና ይላል። ሰማዩ አይታይም። ፈገግታው ሲጀምር ቁረጡ፤ 3 ሴኮንድ። ሦስተኛ፣ ራቅ ያለ የማይንቀሳቀስ ሾት፤ ከፊት እንስራው፣ በተከፈተው በር ውስጥ አልጋ ላይ የተዘረጉ እግሮች፤ 4 ሴኮንድ። አራተኛ፣ ያው ሾት፣ ግን ዝናብ ነው፣ እንስራው ይፈሳል፤ 3 ሴኮንድ። እዚህ ላይ ተመልካቹ «ብልጥ ነው!» ብሎ ይስቃል። አምስተኛ፣ ፊቱ በቅርብ፤ አንድ ጠብታ ግንባሩ ላይ ጠብ። አይንቀሳቀስም። 4 ሴኮንድ። ድምሩ 19።

ሦስተኛውና አራተኛው ሾት በአንድ ጣት እንኳ ከተለያዩ ቀልዱ ይበላሻል፤ ዓይን ለውጡን ከዝናቡ ላይ ትቶ ከካሜራው ላይ ይፈልገዋል። ትሪፖዱ እግሩ ባረፈበት ሦስት ቦታ ላይ ችንካር ምቱ፤ ከፍታውንም በፕላስተር ምልክት አድርጉበት።

ኤዲቲንግ ላይ ደግሞ የመቋጫውን ሾት ከመነሻው ከ6 እስከ 12 ፍሬም ሸርፉለት፤ በሴኮንድ 25 ፍሬም ሒሳብ ሩብ ወይም ግማሽ ሴኮንድ ማለት ነው። ተመልካች ከሚጠብቀው በጥቂቱ ቀድሞ ሲደርስ ይሻላል። ከመቋጫው በኋላ ግን ሁለት ሴኮንድ ያህል ቁም ነገር አይነገር፤ ሳቁ ይውጠዋልና። ሰው ሲወድቅ ከእግሩ እስከ ራሱ በአንድ ያልተቆረጠ ሾት ይታይ፤ መውደቂያው ላይ ከቆረጣችሁ ማታለል ይመስላል። ከየቀልዱ በኋላ የምትገባዋ የኪቦርድ ድምፅም ትቅር። ተመልካቹን በክርን ጎሸም አድርጎ «አሁን ሳቅ» እንደማለት ነው።

ከባሕር ዳር፣ ሌላ ጠያቂ፦ «የካርቱኑ ጀግና አፍንጫው ትልቅ፣ ሆዱም ትልቅ ነው። ተዋናያችን ደግሞ ቀጭን ነው። በሜካፕ እንሥራው?»

ሆዱን አዎ፤ አፍንጫውን ያስቡበት። እ.ኤ.አ. በ1990 ከጋዜጣ ካርቱን የተሠራው «ዲክ ትሬሲ» በሜካፕ ኦስካር ያገኘ ፊልም ነው፤ ወንበዴዎቹ ፊታቸው በሙሉ ተለውጧል፣ ጀግናው ግን በተዋናዩ በራሱ ፊት ነው የሚጫወተው። ጀግናውን ዘጠና ደቂቃ በቅርብ ስለምናየው ቅንድቡና ከንፈሩ ነጻ መሆን አለባቸው። ግዙፉን አፍንጫ ለክፉው ጎረቤት ይስጡት።

የግድ ካሉ ጀላቲን ርካሹ መንገድ ነው። ጀላቲን፣ ግሊሰሪንና ውሃ በእኩል ስፍር ቀላቅለው አሥር ደቂቃ ያሳርፉት፤ ከዚያ የሞቀ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ዕቃውን አስቀምጠው ያቅልጡት። በቀጥታ እሳት ላይ ከጣዱት አረፋ ይይዛል፤ አረፋውም ፊት ላይ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። ቫዝሊን በተቀባ የጀሶ ቅርጽ ውስጥ ያፍሱት። ዳር ዳሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳ፤ ወፍራም ዳር በምንም ፋውንዴሽን አይደበቅም። ጀላቲን በሙቀትና በላብ ይለሰልሳል፤ የባሕር ዳር ሚያዝያ ደግሞ አይምርም። ስለዚህ ለየቀረጻው ቀን አዲስ አፍንጫ፣ ከጎኑም አንድ መጠባበቂያ ይኑር፤ የቅርብ ሾቶቹም ጠዋት ይለቁ። ማጣበቂያውን ከአንድ ቀን በፊት በክንዱ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ይሞክሩት። አንድ ነገር ደግሞ፦ ጀላቲን በብዛት ከከብት ወይም ከአሳማ የሚሠራ ነው። ማሸጊያውን አንብበው ለተዋናዩ አስቀድመው ይንገሩት፤ ጾም ላይ ያለ ወይም የአሳማ ነገር የማይነካ ሰው ፊቱ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ቢያውቅ ቀረጻው ያን ቀን አበቃለት።

ሆዱን ከስፖንጅ ይሥሩት፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደራራቢ አድርገው ቆርጠው በካናቴራ ላይ ይስፉ። ስፖንጅ ብቻውን ቀላል ስለሆነ ተዋናዩ እንደ ቀጭን ሰው ይራመዳል። ከታች በኩል ሁለት ኪሎ ያህል እህል በከረጢት ያስገቡ፤ ወገቡ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እርምጃውም ራሱ ይለወጣል። ጤፍ አይሁን፤ በስፌቱ እያፈሰሰ መንገዱን ሁሉ ይዘራዋል። ማሽላ ይበቃል።

ከዳንግላ፦ «ካርቱኑ ውስጥ በሐሳቧ የምትናገር አህያ አለች። የኮምፒውተር አኒሜሽን አቅም የለንም።»

አያስፈልጋችሁም። እ.ኤ.አ. በ2004 ከካርቱን ተወስዶ የወጣው ፊልም «ጋርፊልድ» ድመቱን በኮምፒውተር ሠርቶ ውሻውን ግን እውነተኛ ውሻ አድርጎታል። የአህያዋን አፍ ለማንቀሳቀስ አትሞክሩ፤ በካርቱኑም ቢሆን አፏ ዝግ ነው፤ የምታስበው ከራሷ በላይ ባለው አረፋ ውስጥ ነው። ቀረጻው ላይ ባለቤቷ ጭብጥ ገብስ ይዞ ከካሜራው ጀርባ ይቁም። ፊቷን በቅርብ ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ሳታቋርጡ ቅረጹ፤ ጆሮዋ የሚዞርበትን፣ ዓይኗን የምትጨፍንበትን፣ የምታናፋበትን ለዩ። የጌታዋ ንግግር ሲያልቅ አንዱን ግጠሙለት፤ ተመልካቹ ሐሳቡን ራሱ ይሰጣታል። ድምፅ ከጨመራችሁ ከሰባት ስምንት ቃል አይብለጥ፤ ቃናውም የሰለቸው ሰው ይሁን እንጂ የሕፃን አይሁን።

ከሞጣ፦ «የካርቱኑን ደማቅ ቀለም እንዴት እናምጣው? በየትኛው ወርስ እንቅረጽ?»

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ። አረንጓዴው ገና አልደረቀም፣ አደዩ አለ፣ አቧራውም አልተነሣም። ቀረጻው ወደ ታኅሣሥ ከተንሸራተተ ግን ሣሩ ቢጫ ሆኖ፣ ሰውየው በር ሲከፍት ወር ይለወጥበታል። ስለዚህ የደጅ ትዕይንቶችን በሙሉ አስቀድሙ።

ቀለም የሚደምቀው በመብዛት አይደለም። አራት ቀለም ምረጡና ሌላውን ከፍሬም አውጡ። የጎጃሜው አረንጓዴ ቁምጣ ለጀግናው ከተሰጠ ሌላ ማንም አረንጓዴ አይልበስ፤ ሣር ላይ ካቆማችሁት ደግሞ ይጠፋል፣ የጭቃ ግድግዳ ፊት አቁሙት። ቢጫ ጀሪካንና ሰማያዊ ላስቲክ ሳይጠሩ ፍሬም የሚገቡ ናቸውና አንድ ሰው እነሱን ብቻ ይከታተል።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ በዚህ አገር የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትቆም የባርኔጣ ጥላ ዓይንን ይውጣል፤ ዓይኑ የማይታይ ሰው ደግሞ አያስቅም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4፣ ከዚያም ከ9 እስከ 11 ተኩል ሥሩ። በመሃሉ ከቀረጻችሁ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር በሆነ እንጨት ላይ ነጭ ነጠላ ወጥራችሁ ከተዋናዩ በላይ ያዙ።

በክረምት ቤት ውስጥ እንቀርጻለን ለምትሉ፦ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ድምፁን ሁሉ ይገድለዋል። አንድ ስንዝር የሚሆን ሣር ቆርቆሮው ላይ ቢነሰነስ ጠብታውን ያለዝበዋል፤ ዶፉን ግን አያቆመውም።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ሠዓሊው ካረፈ ቆይቷል። ካርቱኑ የሕዝብ አልሆነም?»

መቼ እንዳረፈ ይቁጠሩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን መብት በሕይወቱ ዘመንና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ሥራውን ወደ ሌላ ቅርጽ መለወጥም የዚሁ መብት አካል ነው። ስለዚህ ወራሾቹን ይፈልጉ። አንዱ ልጅ ፈረመ ማለት ሁሉም ተስማሙ ማለት አይደለም። ሠዓሊው ተቀጣሪ ከነበረም መብቱ የማን እንደሆነ ከአሳታሚው ጋር ይጣራ። ውሉ ላይ የፊልሙ ብዛት፣ የዓመቱ ገደብ፣ ክፍል ሁለት የመሥራት መብት፣ የቴሌቪዥንና የዩቲዩብ ሥርጭት፣ የሠዓሊው ስም የሚጻፍበት ቦታ በግልጽ ይስፈር። ዩቲዩብን የረሳ ውል በኋላ ያጣላል።

የውጭ አገር ካርቱን ላሰባችሁም፦ መርከበኛው ፖፓይ እ.ኤ.አ. በ1929 በጋዜጣ ላይ ብቅ እንዳለ ያለው መልኩ አሜሪካ ውስጥ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ነጻ ሆኗል። ነጻ የሆነው ግን የዚያን ዓመቱ ፖፓይ ነው፤ በኋላ የተጨመረለት ሁሉ አብሮ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም።

ከቡሬ፦ «ዋናው ገጸ ባሕርይ የስድስት ዓመት ልጅ ነው። የምንጠነቀቀው ነገር አለ?»

የወተት ጥርስ። የካርቱን ልጅ አያድግም፤ እ.ኤ.አ. በ1951 የተጀመረው የአሜሪካ ካርቱን ልጅ ዴኒስ ዛሬም አምስት ዓመት ተኩል ነው። የእናንተው ግን የፊት ጥርሱን የሚጥልበት ዕድሜ ላይ ነው፤ በሁለት ቅዳሜ መካከል ይወልቅና በር ሲገባ ጥርስ ያለው፣ ሲወጣ የሌለው ይሆናል። የስምንት ዓመት ደቃቅ ልጅ ፈልጉ፤ ካልሆነ የሱን ትዕይንቶች በተከታታይ ሁለት ሳምንት ጨርሱ። ጥርሱ መነቃነቅ ከጀመረ ደግሞ ስክሪፕቱ ውስጥ አስገቡት፤ ጣሪያ ላይ ጥርስ ሲወረውር መቅረጽ ብዙ ወጪ የለውም።