ጎማ ከመግዛትሽ በፊት ቀዳዳውን እዪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብለሽ በእንስሳት ጤና ትሠሪያለሽ። የምትነጂው ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል ነው፣ ቸርኬው (ጎማው የሚገባበት የብረት ክብ) ባለሽቦ። የኋላው ጎማ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ይተነፍስብሻል። ጎሚስታው «ጎማው አርጅቷል፣ ቀይሪው» ይልሻል። ዕቃ ሻጩ ባለትልልቅ ጥርስ ጎማ ውሰጂ ይልሻል። ጓደኛሽ ደግሞ «ቲዩብለስ አስደርጊውና ተገላገዪ» ብሎሻል፤ የውስጥ ላስቲክ የሌለው ጎማ ማለቱ ነው። በዚህ ላይ ኮብልስቶን ላይ ያንሸራትትሻል፤ ጠዋት ጠዋትም ሞተሩ እምቢ ይላል።

እኔም ለሥራ ከደጀን እስከ ሞጣ ያለውን መንገድ በሞተር ስመላለስበት የኖርኩ ሰው ነኝ። ጎማ የሚቀይር ሰው በየከተማው ሞልቷል። የተበሳበትን ምክንያት የሚፈልግ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ገንዘብሽን ገና አታውጪ። ምክንያቱ ካልታወቀ አዲሱም ጎማ በሦስተኛው ሳምንት መተንፈሱ አይቀርም።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲተነፍስ ጎሚስታው ጋ ቁሚና እንዲህ አድርጊ። ጎማው ከቸርኬው ከመውጣቱ በፊት ቫልቮላው (ነፋስ የሚሞላበት) ያለበትን ቦታ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጊበት። የትኛው ጎን ወደ ካቴናው እንደነበረም ያዢ። ካላማዳሪያው (ነፋሱን የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ) ወጥቶ ውኃ ውስጥ ሲነከርና አረፋ ሲሠራ፣ ቀዳዳውን በእስክሪብቶ ክበቢው። ከዚያ ካላማዳሪያውን እንደነበረው ጎማው ላይ አስተኝተሽ ቫልቮላውን ከምልክቱ ጋር አገናኚው። ቀዳዳው የጎማውና የቸርኬው የትኛው ቦታ ላይ እንደሚያርፍ አሁን ታያለሽ። ጎሚስታው «ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ሊስቅ ይችላል። ይሳቅ።

ቀዳዳው በውጭ በኩል፣ መሬት በሚረግጠው ወገን ከሆነ፣ የወጋሽ ነገር አለ ማለት ነው። የግራር እሾህ፣ የቆርቆሮ ሚስማር፣ ወይም የመኪና ጎማ ተቃጥሎ መንገድ ላይ የሚጥለው ያ ቀጭን ሽቦ። ይኼ ሽቦ ክፉ ነው። ከውጭ አይታይም፣ ካላማዳሪያውን ግን ቀስ እያለ ይበላዋል። የጎማውን የውስጥ ክፍል በጨርቅ ዙሪያውን ጥረጊው። የቀረ ነገር ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። በባዶ ጣት አትዳብሺ፣ ይቆርጥሻል። ሁለት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ከተበሳ፣ እሾሁ ዛሬም እዚያው ነው ያለው።

ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ ወደ ቸርኬው በሚዞረው ወገን ከሆነ፣ ጎማሽ ምንም ጥፋት የለበትም። እኔ ያንቺን የምጠረጥረው እዚህ ላይ ነው። የቸርኬው ሽቦዎች ጫፍ በውስጥ በኩል ይወጣል። እንዳይወጋ የሚከለክለው ቸርኬውን ዙሪያውን የሚያቅፈው የላስቲክ ቀበቶ ነው። ብዙ ጎሚስታ ያ ቀበቶ ሲበጠስ ይጥለውና «ያለሱም ይሠራል» ይላል። ይሠራል፣ ለሁለት ሳምንት። ጭነት ይዘሽ ኮረኮንች ላይ ስትመላለሺ ሽቦዎቹ ይላላሉ፣ ሲጠበቁ ደግሞ ጫፋቸው ወደ ውስጥ ይገፋል። መፍትሔው ርካሽ ነው። የወጣውን ጫፍ በሞረድ ማስተካከል፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት፣ አዲስ ቀበቶ ማስገባት። ቀበቶው ገበያ ላይ ከጠፋ ከአሮጌ ካላማዳሪያ በስፋቱ ልክ ተቆርጦ ይሠራል፤ የቫልቮላውን ቀዳዳ ማውጣት እንዳይረሳ ብቻ።

ሁለት ትንንሽ ስንጥቆች ጎን ለጎን ካየሽ ደግሞ ነፋስ አንሶሽ ድንጋይ መትተሻል። ካላማዳሪያው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ነው የተቀደደው።

የቫልቮላው ሥር ከተቀደደም ምክንያቱ ያው የነፋስ ማነስ ነው። ነፋስ ሲያንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፣ ካላማዳሪያውን ይዞት ይሄዳል፣ ቫልቮላው ግን ቀዳዳው ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ምልክቱ ቀላል ነው። ቫልቮላው ቀጥ ብሎ መቆሙን ትቶ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ጉዞ ጀምሯል። ቫልቮላው ላይ ያለችውን ትንሽ ዳዶ ቸርኬው ድረስ አታጥብቂያት። ወደ ቆቡ ከፍ ብላ ትቀመጥ። ያኔ መዝመሙን ቶሎ ታዪዋለሽ፣ ቶሎም አይቀደድም።

የመጨረሻው የጎሚስታው የራሱ ሥራ ነው። በተጠገነ በማግስቱ ከተነፈሰና ቀዳዳው ከጎን በኩል ቀጭን ቁርጥ ከሆነ፣ ጎማውን ሲመልስ በጎማ መፍቻው ብረት ቆንጥጦታል። ካላማዳሪያው ከመግባቱ በፊት ትንሽ ነፋስ ቢሞላ አይታጠፍም፣ ብረቱም አይነክሰውም። የጎማውን ጠርዝ ለማንሸራተት ደግሞ የሳሙና ውኃ ይበቃል። የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ አሉ፣ እንዳይቀቡብሽ። ዘይት ጎማ ይበላል።

ስለ ልጣፉም አንድ ነገር። ማስቲሹን ቀብቶ ወዲያው የሚለጥፍ ጎሚስታ ሥራውን ለነገ እያዘጋጀ ነው። መጀመሪያ ቦታው በደንብ ይፋቅ፣ ማስቲሹ ይቀባና ጣት ሲነካው እስከማይጣበቅ ድረስ ይድረቅ፣ ከዚያ ይለጠፍና በኃይል ይጫን።

አሁን ወደ ነፋሱ። ቦክሰር ብቻሽን ስትነጂ የፊቱ 25፣ የኋላው 28 ፒ ኤስ አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ነው የሚፈልገው። ሰው ካፈናጠጥሽ ወይም የክትባት ሳጥኑን ከነበረዶው ጭነሽ ከወጣሽ የኋላውን 32 አድርጊው። እኛ ጋ ግን ነፋስ የሚለካው በአውራ ጣት ነው። ጎሚስታው ጫን ያደርግና «በቂ ነው» ይላል። ወይም የኮምፕሬሶሩ መለኪያ የተሰበረ ነው፣ ወይም ልጁ የለመደው የአይሱዙ ጎማ መሙላት ነውና እንደ ድንጋይ አድርጎ ይመልስልሻል። የኪስ መለኪያ ግዢ። እንደ መጻፊያ እርሳስ ቀጭን የሆነው ይበቃል። ጠዋት ሳትንቀሳቀሺ ለኪው፣ ምክንያቱም ከነዳሽ በኋላ ጎማው ሲግል ቁጥሩ ከፍ ይላል። ያንን አይተሽ ካስቀነስሽ በማግስቱ ጠዋት አንሶ ታገኚዋለሽ።

በነገራችን ላይ «ዓባይ በረሃ ስወርድ ነፋስ ልቀንስ ወይ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ከደጀን ወደ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው የምትወርጂው። የውጪው አየር እየከበደ ሲሄድ መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ይቀንሳል። ሙቀቱ ደግሞ ያንኑ ያህል መልሶ ይጨምረዋል። ሁለቱ በግምት ይጣፋሉ፣ ስለዚህ አትነካኪው። እዚያ ቁልቁለት ላይ የሚያስፈልግሽ በከባድ ማርሽ መውረድና ፍሬኑን ማሳረፍ ነው።

ጎማው በእውነት አርጅቶ ከሆነስ? ጎኑ ላይ «ዲ ኦ ቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ይኼ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በእኛ አስልተሽ «ገና ትኩስ ነው» እንዳትዪ። ሻጩ ብዙ ጊዜ በዚህ ነው የሚሸውደው። ጥርሱ ያልተነካ ጎማ እንኳ ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ጎኑ ጭረት ጭረት ካወጣ ተዪው። ጥርሱ መካከል ባሉት ቦዮች ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ተበልቶ ከጉብታዎቹ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል፤ ጎሚስታው ያለው ትክክል ነው ማለት ነው።

ስትገዢ የኋላው 3.00-17፣ የፊቱ 2.75-17 መሆኑን ያንቺው ጎማ ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር አመሳክሪ። ጎኑ ላይ 50ፒ የሚል ካለ 50ው የሚሸከመውን ክብደት ይናገራል፣ 190 ኪሎ ማለት ነው። በጣም ያነሰ ቁጥር ያለውን አትውሰጂ፣ ያንቺ የኋላ ጎማ ሸክም አለበት። ቀስት ካለው ቀስቱ ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ ይግባ። ካላማዳሪያውንም አብረሽ ቀይሪ። በልጣፍ የተሞላ ካላማዳሪያ አዲስ ጎማ ውስጥ መክተት ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም።

ባለትልልቅ ጥርሱን ጎማ በተመለከተ፣ እኔ ብሆን አልገዛውም። ያማሃ ዲቲ ወይም ሆንዳ ኤክስ ኤል የሚነዱ ወንድሞች ይመክሩሻል፣ የእነሱ ሞተር ግን የፊቱ 21 የኋላው 18 ቸርኬ ያለው፣ ለገጠር የተሠራ ነው። አንቺ ግማሹን ቀን አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ነሽ። ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ኮብልስቶን የሚረግጠው በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ያንሸራትታል። አሁን ያለሽን ችግር ያባብሰዋል። መካከለኛ ጥርስ ያለው፣ መሐሉ ገጠም ጎኑ ከፈት ያለ ይሻልሻል። አዲስ ጎማ በራሱም ለስላሳ ሽፋን ስላለው መጀመሪያ ያንሸራትታል። የመጀመሪያውን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሳትጋደሚ፣ ፍሬን በድንገት ሳትይዢ ንጂ።

ለዋልካው፣ ለዚያ ለሚጣበቀው ጥቁር ጭቃ ግን የሚረዳ ጎማ የለም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ቢቸና አካባቢ በክረምት የሄደ ያውቀዋል። ጭቃው ጎማውንና ፓራፋንጎውን አንድ ያደርገዋል፣ ቸርኬው መዞር ያቆማል። ማስገደድ ፍሪሲዮን ማቃጠል ነው። አጭር ጠንካራ እንጨት ያዢ፣ እያቆምሽ ፋቂው። ዝናቡ ካባራ ሁለት ሦስት ሰዓት ብትታገሺ መንገዱ ሌላ መንገድ ይሆናል። ጭቃ ላይ ነፋስ መቀነስ ያግዛል የሚሉ አሉ፣ ጥቂት ቢቀንስ አይከፋም። ከ20 በታች አውርደሽ ከነዳሽ ግን ከላይ የነገርኩሽ የቫልቮላ መቀደድ ይመጣል።

ቲዩብለሱን እርሺው። ቸርኬሽ ባለሽቦ ነው፣ በየሽቦው ቀዳዳ ነፋስ ይወጣል። ጎማ ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ለትንሽ እሾህ ይሠራል፣ ለተሰነጠቀ ካላማዳሪያ አይሠራም። አንዴ ከገባ በኋላ ደግሞ ልጣፍ አልይዝ ይላል፣ ጎሚስታውም ይረግምሻል።

ይልቅ መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ ሁለት የጎማ መፍቻ ብረት፣ የኋላውን ዳዶ የሚፈታ ቁልፍና የብስክሌት ፓምፕ ያዢ። ገጠር ውስጥ መለጠፍ አያስፈልግሽም፣ ቀይረሽ ትሄጃለሽ፣ የተበሳውን ከተማ ስትገቢ ታስጠግኛለሽ። አንቺም ፈታሽው ጎሚስታውም ፈታው፣ ጎማው ሲመለስ ሁለት ነገር እዪ። አንደኛው፣ የኋላውን ፍሬን ሰሃን ከሹካው ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ቡሎኑና ማሰሪያ ሽቦው መግባቱን። ይኼ ከተረሳ ፍሬን ስትይዢ ሰሃኑ አብሮ ይዞርና ጎማው ሊቆለፍ ይችላል። ቀልድ አይደለም። ሁለተኛው፣ የካቴናው መወጠሪያ ምልክት በግራም በቀኝም እኩል መሆኑን። ካቴናው ተፈቶ ከነበረ የመገጣጠሚያዋ ክሊፕ የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት ይዙር።

የጠዋቱ አለመነሳት አጭር ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራቶሩ ከአየሩ አንጻር ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የአየር ማጣሪያው አቧራ ከሞላበት ይብሳል። መጀመሪያ ማጣሪያውን አጽጂ፣ ካንዴላውን አውጥተሽ በሽቦ ብሩሽ ጥረጊው። ቾኩን ለማስነሳት ብቻ ተጠቀሚበት፣ ሞተሩ ሞቅ ሲል መልሺው፤ ብዙ ሰው ረስቶት ነው የሚነዳው። ያ ካልረዳ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ጠርጥሪ። ውኃና ቆሻሻ ካለው ካርቡራቶሩ ሥር ይጠራቀማል፤ ከታች ያለችውን ቡሎን ላላ አድርገሽ አፍስሺው፣ ቤንዚኑንም በብርጭቆ አይተሽው ውኃ ከሥሩ ከተኛ ምክንያቱን አግኝተሻል።

እስካሁን የተለጠፉት ልጣፎች በካላማዳሪያው በየትኛው ወገን እንዳሉ አይተሽ ጻፊልን። ፎቶ ካለሽ ደግሞ ቫልቮላው እንዲታይ አድርገሽ አንሺው። በውስጥ በኩል ከሆኑ አዲስ ጎማ ሳትገዢ ቀበቶውን ብቻ ቀይሪ።